ለፔንሲዮናችን ሠራተኛ ላገናኘን ኤጀንሲ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ጎንደር ውስጥ ማራኪ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አለን። ከጥምቀት በዓል በፊት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኞችና የሌሊት ጥበቃ የቀጠርነው ፒያሳ ቢሮ ባለው አንድ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በኩል ሲሆን፣ ለባልደረቦቹ በሙሉ፣ በተለይም ለሥራ አስኪያጇ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። ስሙን ያልጻፍኩት የተከፈለበት ማስታወቂያ እንዳይመስል ብዬ ነው፤ ለሚፈልግ ሰው በግል እነግራለሁ።

ከዚህ ቀደም ሠራተኛ የምናገኘው እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ነጋዴዎች በደላላ ነበር። ደላላው ከእኛም ከሠራተኛዋም ኮሚሽን ይቀበላል፤ እሷ የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ ስትሄድም ሌላ ሰው አምጥቶ ከሁለቱም ወገን እንደገና ይቀበላል። ደላላ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሥራው ላይ በቆየ ቁጥር ገቢው የሚቀርበት ሰው፣ የሚቆይ ሠራተኛ መርጦ ያመጣልኛል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ለኤጀንሲው ያቀረብኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ከሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚቀበሉ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በሕጉ መሠረት ክፍያው የአሠሪው ብቻ እንደሆነና ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ምንም እንደማይቀበሉ ገለጹልኝ። ሠራተኞቹ ከመጡ በኋላ ለየብቻ ስጠይቃቸው ለምዝገባ እንኳ ሳንቲም እንዳልከፈሉ ነገሩኝ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት የውሉን አንድ አንቀጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ ኤጀንሲውም ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢለቅ ወይም ለሥራው ብቁ ሆኖ ባይገኝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ሰው የመተካት ግዴታ ገብቷል። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ወደ ደባርቅ ለቤተሰብ ጉዳይ ሄዳ ስትቀር ያለ ንትርክ ተክተውልናል። ሠራተኛ ቢለቅ የሚከስሩት እነሱ ስለሆኑ፣ ሲመርጡ የሚጠነቀቁትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ጥንቃቄያቸው ግን ሠራተኛውን በመመርመር ብቻ አያበቃም፤ አሠሪውንም አጥብቀው ይጠይቃሉ። ደመወዙ ስንት ነው፣ የዕረፍት ቀን መቼ ነው፣ የጡረታ መዋጮ ይከፈላል ወይ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቡና እንድታፈላም ይጠበቃል ወይ ብለው ሁሉንም በጽሑፍ ካልያዙ ሰው አይልኩም። ለሌሊት ጥበቃ አንድ ሰው ይበቃ እንደሆነ ሳማክራቸው፣ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢቆም በሳምንት 84 ሰዓት እንደሚሆን፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት ግን 48፣ የትርፍ ሰዓቱም ጣሪያ በሳምንት 12 ስለሆነ አንድ ሰው ሊሸፍነው እንደማይችል አስልተው አሳዩኝ። ሁለተኛውን ጥበቃ ለመሸጥ ሲሉ ነው የሚል ቢኖር ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ዋስ የሚሆነውን ሰው ቢሮ አስጠርተው መታወቂያውን ያያሉ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም መኖሩ ብቻ ሳይበቃቸው ለቀድሞው አሠሪ ይደውላሉ። ለእንግዳ መቀበያ ካሰቧቸው መካከል እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ የሚናገር አንድ ወጣት ነበር። ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች የሚሆነን እሱ ነው ብዬ ብጓጓም፣ ያቀረበው የሥራ ልምድ ስላልተረጋገጠላቸው ሳያጣሩ እንደማይልኩት ነግረውኝ ሌላ ሰው አቀረቡ። ዝም ብለው ቢልኩት ክፍያቸውን ያገኙ ነበር።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር ሥራቸው ፈጣን አለመሆኑ ነው። ደላላ ጠዋት ተጠይቆ ከሰዓት ሰው ያመጣል፤ እነሱ ማጣራቱን ካልጨረሱ ንቅንቅ አይሉም፤ ክፍያቸውም ከደላላ ኮሚሽን ከፍ ይላል። ለጥምቀት ሠራተኛ የምትፈልጉ የሆቴልና የፔንሲዮን ባለቤቶች ታኅሣሥ እስኪገባ ሳትጠብቁ ብትሄዱ መልካም ነው። ስትሄዱም የታደሰ ንግድ ፈቃዳችሁንና የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ያለ እነዚህ አይመዘግቡም።