በድጎማ የሚሸጠው የአፈር ማዳበሪያ፣ በመጋዘኑ ደጃፍ ሲታይ

መንግሥት ለአርሶ አደሩ የሚያደርገው የሰብል ድጎማ በአገራችን በብዛት የሚደርሰው በአፈር ማዳበሪያ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ነው። ገበሬው እጅ ላይ የሚቆጠር ብር የለም። አገልግሎቱን ለመመዘን የሚያመቸውም ቦታ ማዳበሪያው የሚታደልበት የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በመሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ከአባቴ ጋር በሰሜን ሸዋ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሰኔ በዘር ወቅት ለሚጨመረው ማዳበሪያ ለኤንፒኤስ፣ በነሐሴ መጨረሻ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ለሚበተነው ለዩሪያ።

ከዋጋው ልጀምር። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጉሞ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ድጎማው ባይቀጥል ኖሮ፣ አባቴን የመሰለ አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት የሚያርስ ሰው ጤፉን ያለ ማዳበሪያ ይዘራ እንደነበር አልጠራጠርም። በዚህ ረገድ ምስጋናዬ ሙሉ ነው።

የዕቃው ጥራትም አላሳፈረም። አባቴ ዛሬም በቀድሞው ማዳበሪያ ስም ዳፕ እያለ የሚጠራውን ኤንፒኤስ ሲረከብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በአውራ ጣቱ የጆንያውን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፤ በእጅ የተሰፋ ጆንያ ተከፍቶ የተቀነሰበት ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን እንደሚችል ከልምድ ያውቃልና። ስፌቱ የፋብሪካ ነበር፤ በእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ስናወጣውም 50 ኪሎው አልጎደለም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከደረሰኙ ነው። ደረሰኙ ላይ ስም፣ መጠንና የተከፈለው ብር ብቻ ሰፍሯል፤ ማዳበሪያው መጋዘኑ እስኪደርስ ስንት እንደፈጀና መንግሥት ከዚያ ላይ ስንቱን እንደሸፈነ የሚገልጽ አንድም መስመር የለውም። አባቴ መጋዘን ጠባቂውን «ተደጉሟል ይባላል፤ ከስንት ላይ ነው የተቀነሰው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ወጣቱ በትሕትና «አባባ፣ እኔ የተነገረኝ መሸጫውን ብቻ ነው» ሲል መለሰለት። ይህ ጥያቄ መልስ ማጣቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የድጎማውን መጠን የማያውቅ ገበሬ ደላላ በጎን ሲያቀርብለት የተጠየቀው ዋጋ ትርፍ የተጨመረበት ይሁን ወይም እውነተኛው መለየት አይችልም፤ በስሙ የወጣው ገንዘብ እርሱ ዘንድ መድረሱንም ማረጋገጫ የለውም። ለማስተካከል የሚያስፈልገው ደግሞ ደረሰኙ ላይ ሁለት መስመር መጨመር፣ ያንኑም በመጋዘኑ በር ላይ በጉልህ መለጠፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የጊዜ ነው። ኤንፒኤሱ ከዘር በፊት ደረሰ። ዩሪያው ግን ጤፉ በተዘራ በወሩ ገደማ፣ ከአረም በኋላ መበተን ሲገባው፣ ለሦስት ሳምንት «ነገ ይመጣል» ስንባል ከርመን የተረከብነው ሰብሉ ዘለላ ለማውጣት ሲዳዳው ነው። የማኅበሩ ሰዎች መኪና ዘግይቶባቸው እንደሆነ ነግረውናል፤ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የገበሬው የፍላጎት ምዝገባ ከወራት በፊት በቀበሌ የግብርና ባለሙያ የተያዘ ስለነበር፣ ቢያንስ የሚደርስበትን ቀን አውቆ መንገር የሚያቅት አይመስለኝም፤ አባቴ በከንቱ የተመላለሰባቸው ቀናት ማሳውን አረም የሚበላባቸው ነበሩ።

ከዩሪያው ግማሹን ጤፉ የሳሳበት ጥግ ላይ ከበተነ በኋላ፣ የተረፈውን እርጥበት እንዳያረጋው ጆንያውን ጥብቅ አድርጎ አስሮ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም የገዛንበትን ዋጋ በከሰል ጆንያው ላይ እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ በመጪው ሰኔ አዲሱ ዋጋ ሲነገረው የሚያስተያይበት እንዲኖረው።