ለተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህርታችን ምስጋና (ልጅ ያላችሁና የምታስተምሩ ሁሉ አንብቡት)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል መምህርት ነኝ። ዛሬ በአደባባይ ማመስገን የምፈልጋት ሰው አለች። የጉድኝት ማዕከላችን ተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም፤ የሚያውቋት ያውቋታል። ለሌላችሁ ደግሞ ሥራዋን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እንደሷ ያለ ባለሙያ በአቅራቢያችሁ እያለ ላታውቁ ትችላላችሁ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ይታቀፋሉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ ማዕከል ይሆናል። በአንዳንዱ ማዕከል የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ክፍል አለ። የብሬል (ማየት የተሳናቸው በጣት ዳሰው የሚያነቡት ጽሑፍ) ወረቀት፣ ብሬል የሚጻፍባቸው ስሌትና ስታይለስ (ቀዳዳ ያለው ሰሌዳና መውጊያ)፣ መቁጠሪያው አባከስ፣ ማጉያ መነጽር፣ የምልክት ቋንቋ መጽሐፍ ይቀመጥበታል። ክፍሉ መኖሩ ብቻ ግን ምንም አይፈይድም። ተቆልፎ ዕቃው አቧራ የጠጣበት ቦታ አይቻለሁ። ያንን ዕቃ ተሸክሞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞር፣ መምህሩን ክፍሉ ድረስ ሄዶ የሚያግዝ፣ ወላጅ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል። ተዘዋዋሪ መምህር የሚባለው እሱ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም።

እኛ ስልጠና ሲባል የለመድነው አዳራሽ ነው። እንጠራለን፣ ስላይድ ይነበብልናል፣ ሻይ እንጠጣለን፣ አበል ፈርመን እንመለሳለን። በማግስቱ ከስልሳ በላይ ልጅ ክፍል ውስጥ ይጠብቀናል፣ ትናንት ከሰማነው ውስጥ ደግሞ እዚያ ክፍል ላይ የሚሠራውን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። እሷ በሌላ መንገድ መጣች። የመጀመሪያ ቀን ምንም አላስተማረችንም። ልጆቹ መሃል ዝቅተኛዋ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን አወጣች፣ ዝም ብላ አየች። እረፍት ሲደወል አብራቸው ሜዳ ወጣች። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ማን ግድግዳ ተጠግቶ ብቻውን እንደሚቆም ስትመለከት ቆየች። ከዚያ መጣችና «ያ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ልጅ፣ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጁ ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ነበር። ተነሱ ሲባል ሌሎቹ ሲነሱ አይቶ ነው የሚነሳው። ቤት ውስጥ ግትር ይሉታል። እሷ በቆርኪ ሲጫወት ከኋላው ቁጭ አለችና ቀስ ባለ ድምፅ ስሙን ጠራችው፣ መጀመሪያ በግራ ጆሮው በኩል፣ ቀጥላ በቀኝ። በግራ ሲጠራ ቆርኪውን መደርደሩን ቀጠለ። በቀኝ ሲጠራ ወዲያው ዞረ። ለካ ፊቱን ወደ ግራ የሚያዞረው ደህና የሚሰማውን ጆሮውን ወደ እኛ ለማምጣት ነው።

እናቱን አስጠራናት። «እህቴ፣ ጆሮውን ያመዋል? ይመግላል?» አለቻት። እናቱም «ክረምት ክረምት ይፈስበታል፣ ዘይት አሙቄ ጠብ አደርግለታለሁ» አለች። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ይቆጣ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ እጇን ያዘቻትና «ከዛሬ ጀምሮ ምንም አታድርጊበት፣ ነገ ጤና ጣቢያ ትወስጅዋለሽ፣ እኔ ወረቀት እጽፍልሻለሁ» አለቻት። የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቆይ የጆሮውን ታምቡር እንደሚበሳና መስማትን እንደሚቀንስ በሚገባት ቋንቋ አስረዳቻት። እናትየዋ በማግስቱ ወሰደችው። መግሉ ቆመ። መስማቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ክፍል ውስጥ ያለው ኑሮው ግን ተቀየረ።

የተቀየረው ደግሞ እኔ የማስተምርበት መንገድ ስለተቀየረ ነው። ልጁ በክፍሉ ግራ በኩል ፊት ለፊት እንዲቀመጥ አደረግን፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እኔና ወደ ልጆቹ እንዲሆን። ወደ ሰሌዳ ዞሬ እየጻፍኩ መናገር ተውኩ። መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ አልቆምም፣ ብርሃኑ ከኋላዬ ሲመጣ ከንፈሬ አይታየውማ። አዲስ ነገር ከመናገሬ በፊት ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ። በቃ፣ ይሄው ነው። ገንዘብ አልወጣበትም። አሁን መዝሙር ስንዘምር ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው፣ ሲጮህ ደስ ይለኛል።

ስለ አንዲት ልጅ ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ከተወለደች ጀምሮ አታይም። የምታሳድጋት አያቷ ናት። ማየት ለተሳነው ልጅ ያለው አንድ አማራጭ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ተብላ፣ ሩቅ ልኬ እንዴት እችላለሁ ብላ ቤት አስቀምጣት ነበር። በሰበታም በባኮም በሻሸመኔም ያሉት ማየት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ስንት ትልልቅ ሰው አፍርተዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ግን ከአያቷ ጉያ ሳትወጣ ሰፈሯ ውስጥ መማር ከቻለች እሱን የመሰለ ነገር የለም። መምህርታችን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ስትዞር ነው ያገኘቻት። አያቷን በአንድ ቀን አላሳመነቻትም። ተመላልሳ፣ ቡና ጠጥታ፣ ልጅቷን አጫውታ ነው በመጨረሻ እጇን ይዛ ክፍሌ ያመጣቻት።

መጀመሪያ የሰጠቻት ነገር ብሬል አይደለም። ያቺን የምታውቋትን የእንቁላል ካርቶን አመጣች። ስድስት ጉድጓድ ብቻ እንዲቀር አድርጋ ቆረጠችው፣ ወደ ጎን ሁለት፣ ወደ ታች ሦስት። የብሬል ፊደል ቤት እንደዚያ ነው፣ ስድስት ነጥብ። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በቀኝ በኩል አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ልጅቷ ጠጠር እያነሳች «አንድ ላይ አድርጊ፣ አራት ላይ አድርጊ» ስትባል በጣቷ እየፈለገች ታስቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ልጆች እኛም እኛም አሉ። መምህርታችን የፈለገችውም ይሄንን ነበር። ለሁሉም ቆረጠችላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጠር ማስቀመጥ ጨዋታ ሆነ። በዚያ ጨዋታ ቀዳሚዋ ደግሞ ማን እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሎች ልጆች «አሳዪኝ» ያሏት ያን ቀን ነው። እዚያው ነበርኩ፣ ፊቷን አይቼዋለሁ።

ቀጥላ መምህርታችን ከብርድ ልብስ ቁርጥራጭ ፊደላቱን ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። ልጅቷ ጓደኞቿ ደብተር ላይ የሚጽፉት «ሀ» ምን እንደሚመስል በእጇ ታውቀዋለች። የሚያዩት ልጆችም በጣታቸው እየተከተሉ መጻፍ ለመዱበት። አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለፊደል አስተማሪዎች ልጨምር። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ነው የሚጻፈው። «ሉ» ለመጻፍ የ«ል» ነጥቦች ይቀድማሉ፣ የ«ኡ» ይከተላሉ። ይሄን ከሷ ከተማርኩ ወዲህ ሌሎቹንም ልጆች «ል፣ ኡ፣ ሉ» እያልኩ ድምፁን ነጣጥለው እንዲሰሙ አደርጋለሁ። ገበታውን በዜማ የሚወርዱት፣ አንዷን ፊደል ነጥዬ ሳሳያቸው ግን የሚጠፋባቸው ልጆች በጣም ተጠቀሙ። ለአንዷ ልጅ የመጣ ነገር ክፍሉን ሁሉ ጠቀመ ማለት ነው። ልጅቷ ስሌትና ስታይለሱን በቅርቡ ጀምራለች። በሱ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ነው፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሌላም ልጅ አለ። ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል፣ ሥራ ሲቀየር ይጮሃል። ለሱ ግድግዳ ላይ ክር ወጠረችና የቀኑን ውሎ በሥዕል አንጠለጠለች፦ መዝሙር፣ ፊደል፣ ምሳ፣ ጨዋታ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ራሱ ያወርደዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ጩኸቱ ቀነሰ። ኦቲዝም ነው የሚል ቃል ግን ከመምህርታችን አፍ አልወጣም፣ ያንን የሚለው ሐኪም ነው አለች፤ ቤተሰቡን ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። አዲስ አበባ ዘመድ ስላላቸው ደግሞ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 ስለመሠረቱት ስለ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ነገረቻቸው። የማታውቀውን አላውቅም የምትል፣ የሚያውቀው ጋ የምትልክ ባለሙያ እንዴት ደስ ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕከሉ ላይ ለመምህራን የምትሰጠው ስልጠናም አለ። የዜሮ ክፍልና የአንደኛ ክፍል መምህራን ነን የምንበዛው፣ ከግል መዋለ ሕፃናትም ይመጣሉ፣ አትከለክልም። ወሬ የለም፣ እጅ ነው የሚሠራው። ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ጭቃ፣ አሮጌ ጨርቅ ይዘን እንሄዳለን፣ ሰኞ ክፍል የምናስገባውን ይዘን እንመለሳለን። የጣት ፊደል (ፊደላትን በእጅ ምልክት ማሳየት) አስተምራናለች። ከወላጅ ጋር እንዴት እንደሚወራም አሳይታናለች፣ ይሄ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ልጁ የማይችለውን ከመዘርዘራችሁ በፊት የሚችለውን ንገሯቸው ትለናለች። ጎረቤት እንዳያይብን ብለው ልጃቸውን ጓዳ ያስቀመጡ ሰዎች አሉ እኮ በዚህ ዘመን። እነሱ ደጃፍ ላይ የመጀመሪያው ቃል ምን መሆን እንዳለበት ማወቅ ትልቅ ሙያ ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ ሁሌ የማይጠፋ አንድ ፎቶኮፒ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት ያጸደቀችበት አዋጅ ቁጥር 676/2002 ነው፣ ከጎኑ ደግሞ ስለ ትምህርት የሚናገረውን የስምምነቱን አንቀጽ 24 አያይዛበታለች። የሆነ ትምህርት ቤት «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» ሲል ድምጿን ከፍ ሳታደርግ አውጥታ ታስነብባለች። በ2015 የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ የትምህርቱ አካል እንዳደረገው ትጨምርበታለች። ከልጅነቱ ያልገባ ልጅ በኋላ ማስገባት እንዴት እንደሚከብድ ስለምታውቅ ነው የምትታገለው።

ላነሳው የምፈልገው ቅሬታም አለኝ። ይህቺ ሴት ብዙውን ጊዜ ባጃጅ የምትሳፈረው በራሷ ገንዘብ ነው። ያን የደብረ ብርሃን ብርድና ነፋስ እየቀመሰች በእግሯ የምትመጣበት ቀንም አለ። አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት አይበቃም። በጀት የምትመድቡ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ፣ የትራንስፖርቷን ነገር እባካችሁ አስቡበት፣ አጋዥም ጨምሩላት።

እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ። የዚያ ልጅ እናትም፣ የልጅቷ አያትም አመስግኚልን ብለውኛል። አያቷ «እድሜሽን ያርዝመው፣ የወለድሽው ይባረክ» ብለዋል፣ እንዳለ አድርሻለሁ።

እናንተ ደግሞ ልጃችሁ ሲጠሩት የማይሰማ፣ መጽሐፍ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ የሚያይ፣ ንግግሩ የዘገየ፣ ከልጆች ጋር መዋል የከበደው ከሆነ፣ ያድጋል ይተወዋል እያላችሁ አትጠብቁ። ወረዳችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና «የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያ ማነው? ተዘዋዋሪ መምህር አለን ወይ? የድጋፍ መስጫ ማዕከሉ የቱ ትምህርት ቤት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሏችሁ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በኩልም አቅርቡት። መምህራንም ርዕሰ መምህራችሁን ገፋፉ፣ ባለሙያው ክፍል ገብቶ እንዲያያችሁ ፍቀዱ። የምዝገባ ሰሞን ሳይደርስ ብታነጋግሯቸው ይሻላል፣ መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ይዋከባል።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ጠባሴ አካባቢ እንቁላል የምትሸጡ፣ ባዶ ካርቶኖቹን አትጣሏቸው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።