የበጋ ውርጭና የጓሳ ንጋት፦ የአንድ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ጉዞ ግምገማ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ማለዳም ከቆላው የሚነሳው ጉም ገና ገደሉን ሳይወጣ ከእግር በታች ተኝቶ ይታያል። መልክዓ ምድርን በካሜራ መያዝ ለሚወድ ሰው በአካባቢያችን ከዚህ የተሻለ ወቅት አለ ብዬ አላምንም። ስለዚህ መነሻውን ደብረ ብርሃን አድርጎ መንዝ ጓሳን፣ ጣርማበርንና አንኮበርን የሚያካልል፣ በፎቶግራፍ ባለሙያ የሚመራ የቡድን ጉዞ መዘጋጀቱን ስሰማ ሳላመነታ ተመዘገብሁ። ጉዞው ከሐሙስ እስከ እሑድ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ሊያወጡበት ያሰቡ ሰዎች አስቀድመው የሚያገኙትን እንዲያውቁ ነው። በጓሳ ያገኘሁት አገልግሎት ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ ከጓሳ ከወጣን በኋላ የቀረበልን ግን እዚያው ጉዞ ላይ ከተማርነው ነገር ጋር የሚጋጭ ነበር።

አዘጋጆቹ ገና ስንመዘገብ እንደገለጹልን፣ የጉዞው አወቃቀር የተወሰደው በአይስላንድ የብርድ ወቅት ከሚካሄዱ መሰል የፎቶግራፍ ጉዞዎች ነው። ንጽጽሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አይስላንድ ከእሳተ ገሞራ የተሠራች አገር ናት፤ የእኛም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ በተደራረበ ቅልጥ አለት የተገነባ ሲሆን፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ከአለት ንጣፎቹ አንዱን በጣርማበር ስም ይጠሩታል። በገደሉ ፊት ላይ ባለ ብዙ ጎን ምሰሶ ሆነው የሚታዩት ጥቁር አለቶች ቅልጡ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ በመሰንጠቁ የተፈጠሩ ናቸው፤ በአይስላንድ የባሕር ዳርቻዎችም ተመሳሳይ ምሰሶዎች ይገኛሉ። ሁለቱን ምድር በእጅጉ የሚለያቸው ብርሃኑ ነው፣ ጉዞውም መመዘን ያለበት በዚህ ነው። በፈረንጆች ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ በሬይኪያቪክ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በቀትርም ቢሆን ከ3 ዲግሪ በላይ ከፍ አትልም፤ ሰማዩ ከጠራ እዚያ ያለ ፎቶግራፍ አንሺ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ወርቃማ ብርሃን ስለሚያገኝ፣ በመኪና ከአንዱ ፏፏቴ ወደ ሌላው ቢዘዋወር የሚያጣው ጥቂት ነው። መንዝ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይዋ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፣ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ብቻ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጥሩው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥላው ያጥራል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ በቆላው ላይ የሚያንዣብበው አቧራም የሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል። በመሆኑም በእኛ አገር የሚካሄድ የፎቶግራፍ ጉዞ ጥራቱ የሚለካው ተጓዡ ሲነጋ የት ቆሞ ነው በሚለው ጥያቄ ነው።

በጓሳ ይህ ጥያቄ በሚገባ ተመልሷል። ያደርነው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ በሚገኘው ማረፊያ ስለነበር፣ ወደ ንጋቱ ቦታ ለመድረስ መኪና አላስፈለገንም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀስቅሰን ትኩስ ሻይ ከጠጣን በኋላ፣ በባትሪ ብርሃን እየታገዝን በእግር ወጣን። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ እኛ ግን 12 ሰዓት ሳይሞላ ትራይፖዳችንን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያችንን) ተክለን ጨርሰን ነበር። ቦታውን የመረጡልን የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አዛውንት መሪ ናቸው። እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆመው በበትራቸው እያመለከቱ፣ “ልጆቼ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ በዚህ ወር የምትወጣው ከዚያ ጉብታ በስተቀኝ ነው” አሉን። በርግጥም በታኅሣሥ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብላ ስለምትወጣ፣ በስልክ ኮምፓስ ምሥራቅን ብቻ ይዞ የቆመ ሰው ዋናውን ነገር ከፍሬሙ ውጭ ያደርገው ነበር።

ከእግራችን ሥር የነበረው የጓሳ ሣር በአመዳይ ተሸፍኗል። ተንበርክኬ ጥቃቅን ነገርን ከቅርብ አጉልቶ በሚያሳይ ማክሮ ሌንስ ስመለከተው፣ እያንዳንዱ ቅጠል ከሥር እስከ ጫፍ ጥቃቅን የበረዶ መርፌዎች በቅለውበት ነበር። የመጀመሪያው ጨረር ሲያርፍበት አስቀድሞ የሚቀልጠው ጫፉ ላይ ያለው ነው፤ እርሱም አንዲት የውኃ ጠብታ ይሆንና በቅጠሉ ላይ ቁልቁል እየተንሸራተተ በመንገዱ ያለውን ሁሉ እያቀለጠ ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፀሐይ ያገኘው ሜዳ ወደ ቢጫነት ሲለወጥ፣ ከጉብታውና ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ጥላ ሥር ያለው ሣር ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ጥላው እየተሳበ በሄደ ቁጥርም በነጩና በቢጫው መካከል ያለው ድንበር አብሮት ይንቀሳቀሳል። ባለሙያው አድማሱን ትተን ይህን ድንበር እንድንከተል መምከሩ በጉዞው ካገኘሁት ትምህርት ሁሉ የላቀው ነው። እርሱ ባይናገር ኖሮ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ፀሐይዋ አዙረን ሁሉም ሰው የሚያነሳውን አንድ ዓይነት ምስል ይዘን እንመለስ ነበር።

የቴክኒክ ትምህርቱም ግልጽና ሥራ ላይ የሚውል ነበር። ካሜራ ነጩን አመዳይ ግራጫ አድርጎ ስለሚያነበው፣ የብርሃን መጠኑን 1 ስቶፕ (እጥፍ) ያህል ከፍ ማድረግና ውጤቱን የምስሉን የብርሃን ስርጭት በሚያሳየው ግራፍ በሂስቶግራም ማረጋገጥ እንደሚገባ በቦታው አሳየን። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚያዳክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪስ ሰውነት ላይ አስጠግቶ መያዝ፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባም ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይቋጥር ካሜራውን ውጭ ሳሉ በቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ማስገባት የመሳሰሉት ምክሮችም ከመጽሐፍ የተቀዱ ሳይሆኑ ከልምድ የመጡ መሆናቸው ያስታውቃል። ማታ ማታ ደግሞ ባና ደርበን ተሰብስበን፣ የእያንዳንዳችንን ምስል በላፕቶፕ እየከፈተ ለምን እንደሠራ ወይም እንዳልሠራ ያስረዳን ነበር። አስተያየቱ ማንንም የማያሸማቅቅ ቢሆንም ያላማረውን አምሯል አይልም፤ ለእኔ እንዲህ ያለ መምህር ብርቅ ነው። ቡድኑ ከ8 ሰው ባለመብለጡም ለሁሉም ጊዜ ደርሷል።

ስለ አዛውንቱ መሪያችን ጥቂት ልጨምር። እርሳቸው ባይኖሩ የምናነሳው ሜዳ እንዴት ሜዳ ሆኖ እንደቆየ አናውቅም ነበር። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ስፍራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው የቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። በሥርዓቱ መሠረት ሣሩ እንዲያድግ ስፍራው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ለአጨዳ ይከፈት ነበር፤ ሣሩም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም ይውላል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። መሪያችን ይህን የተረኩልን በሣሩ መካከል ቆመን ሳለ ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ከዚያ በኋላ ሣሩን ሳንረግጥ በመሄጃው ላይ ብቻ መመላለስ ጀመርን። አበባ አውጥቶ የደረቀ ጅብራም ሲያሳዩን፣ ተክሉ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ነገሩን፤ የቆመውን ደረቅ ግንድ ከጉሙ ጋር ያነሳሁት ምስል ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው።

እንስሳቱን በሚመለከት ጉዞው የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ጉዞ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ጭላዳ የሚባሉት ሣር በል ዝንጀሮዎች በገደሉ ፊት ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ስለሚወጡ ሳይፈለጉ ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮም በመካከላቸው ሲመላለስ አይተናል። በጓሳ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ በቀረበት ዘመን ይህን ማየት ትልቅ ዕድል ነው፤ መሪያችንም ማንም ሰው እንዳይጠጋቸው በጥብቅ ይከለክሉ ነበር። ጥንቃቄያቸው ለሰውም ጭምር ነበር፤ ከተጓዦቹ አንዱ በርኖስ የደረበ እረኛ ልጅ ላይ ሌንሱን ሳይጠይቅ ሲያነጣጥር አስቁመውት፣ በመጀመሪያ ሰላምታ ተሰጥቶ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተነሳው።

ቅሬታዬ ከቅዳሜ ጀምሮ ያለውን ይመለከታል። ቅዳሜ ረፋድ ከጓሳ ተነስተን ጣርማበር የደረስነው በቀትር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው ዋሻ አጠገብ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚታየው ገደል እጅግ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ሰዓት ገደሉ ጥላ አልባ ሆኖ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ባለሙያውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ሊያስተምረን የቻለው ነገር አልነበረም። ማታ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ሆቴል አደርን፤ እሑድም ቁርስ ከበላን በኋላ ወደ አንኮበር ስንጓዝ እዚያ የደረስነው ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። አንኮበር ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ መናገሻ የነበረች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው የሰጠች ከተማ ናት፤ ንጋትን ለማንሳት ከጓሳ የማያንስ ቦታ ነው፣ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይም ማረፊያ አለ። እዚያ አድረን ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ንጋት እናገኝ ነበር። ይህን ለአዘጋጆቹ ሳነሳ፣ አብዛኛው ተጓዥ በከፈለው ልክ ብዙ ቦታ ማየት ይፈልጋል የሚል መልስ ሰጡኝ። ለጉብኝት ከሆነ ልክ ናቸው፤ የፎቶግራፍ ጉዞ ብለው ሸጠውልን በቀትር ብርሃን ማዞር ግን ተገቢ አይደለም፣ ይህንንም የምለው የጓሳውን ሥራቸውን ስላከበርሁት ነው።

መስተንግዶው መልካም ነበር። ምግቡ ቀላልና ትኩስ ነው፤ ለንጋቱ የሚሰጠው የገብስ ቆሎና በሶ ለዚያ ብርድ የሚስማማ ነው። ማረፊያው ውስጥ መብራቱ ውስን ስለሆነ ባትሪ ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ተሞልቶ መሄድ አለበት። ክፍያውን በተመለከተ ግን የጥብቅ ስፍራው የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለመካተቱን ያወቅነው በሩ ላይ ስንደርስ ነው። ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ ስለሚውል መክፈሉ አያስቆጭም፤ አስቀድሞ በጽሑፍ አለመገለጹ ግን መታረም ያለበት ነገር ነው።

ለሚሄድ ሰው፣ ወፍራም ካፖርትና ጣቱ የሚገለጥ ጓንት፣ ነፋስ የማያናውጠው ትራይፖድ፣ የሩቁን ጭጋግ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ (ፖላራይዘር) አስፈላጊ ናቸው። ለከፍታው ያልለመደ ሰው ሐሙስን በዝግታ ቢራመድ ይሻለዋል። የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከመነሳት በፊት ማጣራትም ግድ ነው። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው በጋ ጓሳን ብቻ የሚይዝ ወይም አንኮበር ላይ የሚያድር ጉዞ ካዘጋጁ ደግሜ እመዘገባለሁ፤ አሁን ባለው መርሐ ግብር ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ቅዳሜንም ጓሳ ላይ ለማደር ይቻል እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሚሆን ከመክፈሉ በፊት እንዲጠይቅ ነው።