ስምንት ወር ከሲ.ኤም.ቲ. ጋር፦ የፍየሎቼን ድብቅ የጡት በሽታ ያየሁበት መመርመሪያ

ይህን መመርመሪያ የገዛሁት በአንዲት ጥቁር ፍየል ምክንያት ነው። ግቷ አላበጠም፣ ሲዳሰስ አይሞቅም፣ ወተቷም ንጹሕ ነው። ግን የምትታለበው ወተት በየቀኑ ይቀንስ ነበር። ድብቅ የጡት በሽታ እንዲህ ነው፤ ከውጭ ምንም ምልክት የለውም።

ሲ.ኤም.ቲ. ማለት የካሊፎርኒያ ማስታይቲስ (የጡት በሽታ) ምርመራ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለላም ሲያገለግል የቆየ ነው። ባለ እጀታ የፕላስቲክ ሰሌዳና ፈሳሽ፣ በቃ። የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት አልቤ እደፋለሁ፤ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ጡት ለየብቻ በጎድጓዶቹ ላይ አልባለሁ። እኩል መጠን ፈሳሽ ጨምሬ 10 ሰከንድ ያህል አሽከረክራለሁ። ፈሳሹ ጡት ሲታመም ወተቱ ውስጥ የሚበዙትን ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሰብር የሚወጣው ዲ.ኤን.ኤ. ወተቱን ያወፍረዋል። ወዲያው ካላነበቡት ውፍረቱ ይጠፋል።

በጥቁሯ ፍየል ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የቀኙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የግራው ግን እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለግልጎ መሐል ላይ ተሰበሰበ፤ ሰሌዳውን ባዘነብለውም አልላቀቅ አለ። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘበት። ሕክምናውን የእንስሳት ሐኪም ወሰነ።

የመጀመሪያው ወር ግን አስጨንቆኛል። ሁሉም ፍየሎች ማለት ይቻላል ትንሽ ትንሽ ወፈሩብኝ፤ ለጤነኞቹም መድኃኒት ልሰጥ ጫፍ ደርሼ ነበር። አብሮ የመጣው መመሪያ የሚያወራው ስለ ላም ብቻ ነው፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ፍየል ጤነኛ ሆናም ወተቷ ውስጥ ከላም የበዛ ሕዋስ አለ፤ አውራ ስትፈልግ ወይም ወተቷ ሊነጥፍ ሲቃረብ ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ ቀላል ውፍረት ብቻውን በሽታ አይደለም። እኔ የማየው በአንዷ ፍየል ግራና ቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየና በሁለተኛው ምርመራ ከተደገመ ያኔ ናሙና እልካለሁ። ሁለቱም ወገን እኩል ከታመመ ግን ይህ ዘዴ አይረዳም፤ ሁለቱም በጣም ከወፈሩ ያለ ልዩነትም ናሙና መላክ ይሻላል።

ሰሌዳው ለላም ስለተሠራ አራት ጎድጓዶች አሉት፤ ሁለት ፍየል በአንድ ጊዜ ይመረመርበታል። አንድ ጠዋት የማን የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብኝ ሁለቱንም እንደገና መርምሬአለሁ። አሁን በጎድጓዶቹ ጠርዝ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጌአለሁ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስሸጋገር በንጹሕ ውኃ አጥበዋለሁ፤ የተመረመረውን ወተትም ወደ ባልዲው አልመልስም። አዲስ ወላጅን በእንገሯ ሰሞን አልመረምርም፤ ውጤቱ ያሳስታል።

የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ አይነግርም፣ ላቦራቶሪንም አይተካም። ግን የየትኛዋን ፍየል፣ የየትኛውን ጡት ናሙና ልላክ የሚለውን ጥያቄ ይመልስልኛል። በየሁለት ሳምንቱ መርምሬ የግራና የቀኙን ውጤት በደብተር እመዘግባለሁ። ጥቁሯ ፍየል ለጥንቃቄ እስካሁን መጨረሻ ላይ ነው የምትታለበው፤ ባለፈው ምርመራ ሁለቱም ጎድጓዶች እኩል ፈሰሱ።