ለጠፋ ውሻ ጎጃም ላይ የሚሠራው የቱ ነው? ታርጋ፣ ብሉቱዝ፣ ጂፒኤስና ቺፕ

የጠፋ ውሻ መጀመሪያ የሚታየው ለማን ነው? ሌሊቱን በር ላይ ለሚያድር ዘበኛ፣ ማለዳ ከብት ለሚነዳ እረኛ፣ አጥንት ለሚጥል የሥጋ ቤት ሠራተኛ፣ ወፍጮ ቤት ደጅ ተራ ለምትጠብቅ እናት። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ የባሕር ዳርን ዳር ዳሩን ብትሄዱም ያው ነው። የብዙዎቹ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ስማርት ስልክ የያዘውም ፓኬጁ እንዳያልቅበት ዳታውን ዘግቶ ይውላል። ለውሻ አንገት ተብሎ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ አስገብቶ መመዘን ነው። እንዲያ ሲመዘን አንደኛ የሚወጣው ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ታርጋ።

ታርጋውን ማህተም የሚቀርጹ ቤቶች ይሠሩታል። ለመካከለኛ የአገር ውሻ 5 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ውሻው አጥር ሲሾልክ ይታጠፋል። አሉሚኒየም ለመቅረጽ ይቀላል፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሰንሰለቱ እየፋቀው ቁጥሩ ይጠፋል። ናስ አረንጓዴ ቢያወጣም ይነበባል። የማይዝገው ብረት ከሁሉም ይሻላል፤ ቀራጩ ማሽኔ አይበላውም ካለ ግን ናሱን አሠሩ። በቀለም የታተመ ወይም የተለጠፈ ጽሑፍ አንድ ክረምት አይሻገርም። ስትረከቡ ጥፍራችሁን በቁጥሩ ላይ አስኪዱት፤ ጥፍር ካልያዘ አልተቀረጸም፣ መልሱት።

የሚጻፈው ከላይ «ባለቤት አለኝ፣ ደውሉ»፣ ከሥሩ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ሌላ ምንም። ሁለት የሆነበት ምክንያት አንዱ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ ሌላው እንዲነሣ ነው፤ አንደኛው ቤት የሚውል ሰው ቁጥር ይሁን። ቁጥሩን በ09 ወይም በ07 ጀምሩት፤ በ+251 የተጻፈውን እንዴት እንደሚደውለው ግራ የሚገባው ሰው አለ። የአኃዙ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ በባትሪ መብራት የሚያነበው ሰው መነጽር ላይኖረው ይችላል። የውሻውን ስም አትጻፉ። «የኔ ነው» የሚል ሌላ ሰው ሲመጣ ስሙን ጠርቶ ማሳየት የእናንተ ማስረጃ ነውና ለሌባ አታቀብሉት። ቡቺ ከሆነ ግን ጻፋችሁም አልጻፋችሁም ለውጥ የለውም፤ አገሩ ሁሉ ቡቺ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሰቃቀሉ ላይ ነው። በቁልፍ ቀለበት የተንጠለጠለ ታርጋ በመጀመሪያው ወር እሾህ አጥር ላይ ይቀራል፤ ቀለበቱ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ባለቤቱም የሚያውቀው ውሻው ከጠፋ በኋላ ነው። ታርጋው ጠፍጣፋውን በቀበቶው ላይ ተኝቶ በሁለት ጫፉ በሪቬት ይመታ። የሪቬቱ ጭንቅላት በውስጥ በኩል ጠጉሩን እየበላ አንገቱን እንዳያቆስል ጫማ ሰፊው ስስ ቆዳ ያልብሰው። ሰንሰለቱ የሚያያዝበት ቀለበት በአንድ በኩል ከሆነ ታርጋው በተቃራኒው ይሁን፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ሲፋተጉ ይውላሉ።

ቆዳ ቀበቶ ያምራል፣ ይበረክታል፤ ክረምት ግን ይረታዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም እየራሰ ይለጠጥና በራስ በኩል ይወልቃል። በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ብቻ መግባት አለበት፤ ክረምቱን በየሳምንቱ ለኩት፣ ለቡችላ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ። ናይለን ቶሎ ይደርቃል፤ ሰንሰለት የሚነካበት ቦታ ላይ ግን ይተረተራል። ጠጉሩ ለሚበዛ ውሻ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቀለም ምረጡ፤ ሰው ታርጋውን ሊያነብ የሚጠጋው ቀበቶ መኖሩን ከሩቅ ካየ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስሕተት ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ ሲፈታ ደግሞ ቀበቶው ከነሰንሰለቱ ይወልቃል። ታርጋው ችንካሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ውሻው ራቁት አንገቱን ይሄዳል። የሚጠፋውም ያኔ ነው። መፍትሔው አንድ መንጠቆ ነው፦ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ተከፍቶ የሚዘጋ መንጠቆ አስገቡና የሚፈታው ሰንሰለቱ ብቻ ይሁን፤ ቀበቶው ቀንም ሌሊትም አንገት ላይ ይቆይ።

በስልክ ካሜራ የሚነበበውን ባለ ኪውአር ኮድ ታርጋ ቶሎ እንለፈው። ስማርት ስልክና ዳታ ይፈልጋል፣ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሲዘጋም አብሮ ይሞታል። ከጀርባው ስልክ ቁጥር ካልተቀረጸበት አትግዙት።

ብሉቱዝ መከታተያ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው አሠራሩን ሳያውቅ ነው። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤርታግ 11 ግራም ይመዝናል፣ ውሃ አያስፈራውም፣ በአንድ ሳንቲም መሰል ሲአር2032 ባትሪ ዓመት ያህል ይሄዳል። ግን በውስጡ ጂፒኤስ፣ ማለት ያለበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቅ መሣሪያ፣ የለም። ውሻው ያለበትን የሚናገረው በአጠገቡ የሚያልፍ የሌላ ሰው አይፎን ነው፤ ያም ስልክ ኢንተርኔት ሲያገኝ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ባሉት ሆቴሎች አካባቢ ይህ ሊሠራ ይችላል። ዳንግላ ወይም ቢቸና ገበያ ላይ አይፎን ስትጠብቁ ውሻው ሌላ ወረዳ ይገባል። ለአንድሮይድ የሚሆነው የጉግል የዕቃ መፈለጊያ መረብ በ2024 እ.ኤ.አ. መጥቷል፣ ስልኩም እኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ ግን በፋብሪካ አቀማመጡ ቦታውን የሚያሳውቀው ብዙ ስልኮች ዕቃውን ሲያዩት ነው፣ ብቻውን የሚያልፍ እረኛ አይቆጠርም። ይህም ያለ ዳታ ምንም ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት እነዚህ ሁሉ የአንገት ጌጥ ሆነው ነበር። ለገዛችሁት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ቅባት የተቀባ ባትሪ ኤርታግ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ውሻም ማኘክ ይወዳልና በሚንጠለጠል ማቀፊያ አታስሩት፤ የተዋጠ ባትሪ አንጀት ያቃጥላል።

ሲም የሚገባበት ጂፒኤስ ከኤሌክትሮኒክሱ ሁሉ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን በአጭር መልእክት የሚመልሰው ዓይነት ነው። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያለ አፕሊኬሽን፣ በመልእክት ብቻ ቦታውን ይልካል ወይ? ካልላከ ተዉት። ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ላይ አድርጉና የፒን ጥያቄውን አጥፉ፤ አለዚያ መሣሪያው ኔትወርክ አይገባም፣ ሰውም ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ከፋብሪካ የሚመጣውን የይለፍ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 123456 ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። የመጀመሪያውን ሙከራ ደጅ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አድርጉ፤ ሳተላይት ለመያዝ ደቂቃዎች ይወስዳል። ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያሳያችኋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ሳተላይቱን ያጣና ከስልክ ማማ ገምቶ ይመልሳል፤ ያ ግምት ከብዙ መቶ ሜትር እስከ ኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ አንድ ቦታ ላይ ከረጋና ደርሳችሁ ካጣችሁት፣ ውሻው አንዱ ግቢ ውስጥ ተዘግቶበት ይሆናልና አካባቢውን በር በር እያንኳኳችሁ ጠይቁ።

ድክመቱ ባትሪው ነው። በየደቂቃው እንዲልክ ካዘዛችሁት ቶሎ ያልቃል፤ በየሰዓቱ ወይም ስትጠይቁት ብቻ እንዲመልስ አድርጉት። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን መሙላቱ ይረሳል፣ ሲሙም ካርድ ካልተሞላለት ይዘጋል። የኃይል መሙያው ቀዳዳ ላይ ያለው የጎማ ክዳን ካልገጠመ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ይጨርሰዋል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለትና በጮቄ ሸለቆዎች ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ መልሱ የቆየ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ከመልእክቱ ላይ ሰዓቱን እዩ። ለከብት ጠባቂ ወይም ዋጋው ለከበደ ውሻ ያዋጣል፤ ታርጋውን ግን አይተካም።

ቺፑን ሰው ከጂፒኤስ ጋር ያምታታዋል። የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ባትሪ የሌላት፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ የምትገባ ናት፤ ማንበቢያ ሲጠጋት ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ብቻ ትናገራለች። ማንበቢያው በሌለበት ከተማ የጠፋ ውሻ አይገኝባትም። ጥቅሟ ሙግት ሲነሣ ባለቤትነት ማስረጃ መሆኗና ውሻን ወደ ውጭ ለመውሰድ መፈለጓ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሄድ ውሻ ቺፑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፊት ወይም እኩል መግባት አለበት፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ክትባቱ መያዙን ለመመርመር ደም ይወሰዳል፣ ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ እንደገና ነው። የምታስገቡ ከሆነ ሐኪሙ ከመርፌው በፊትም በኋላም ቁጥሩን ፊታችሁ ያንብብ።

ዕቃው ሁሉ የሚፈተንባቸው ቀናት አሉ። ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ ጅራፍ ሲጮህ ውሻ ሰንሰለት በጥሶ ይሄዳል፤ የጥምቀትና የሠርግ ተኩስም እንዲሁ። ዋዜማውን ቀበቶውን አጥብቃችሁ ቤት አስገቡት። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ውሻ የለመደውን ፍርፋሪ ያጣና ርቆ ይዞራል፤ ያኔ ፍለጋው ከሆቴል ጓሮና ከቆሻሻ መጣያ ይጀምራል። በሌላው ጊዜ መጀመሪያ ቄራውን፣ ቀጥሎ መናኸሪያውን እዩ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ አንድ ደጅ ሁለት ቀን ከበላ ሦስተኛው ቀን ግቢውን መጠበቅ ይጀምራል፣ የጥሪያችሁን ድምፅም ሊንቅ ይችላል። ጅብ ስላለ ፍለጋውን ለነገ አታሳድሩ።

ስታገኙት አታባርሩ። የደነገጠ ውሻ ባለቤቱንም ይሸሻል፤ ጎን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ ዓይኑን አትዩት፣ የለበሳችሁትን ጋቢ መሬት ላይ አኑሩለት። «አግኝቻለሁ፣ መጀመሪያ ብር በቴሌብር ላኩ» የሚል ደዋይ ከመጣ፣ በማስታወቂያው ላይ ያልጻፋችሁትን አንድ ምልክት ጠይቁት። ለዚህ ሲባል አንድ ምልክት ሁልጊዜ ደብቁ።

ውሻውን የሚይዘው እንግዳ ሰው ስለሆነ ንክሻም ይኖራል። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፤ ጸበሉም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው። የነከሰው ውሻ 10 ቀን ታስሮ ይታያል። ያገኘው ሰው ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም «ተከትቧል ወይ?» ብሎ ነው፤ የክትባት ካርዱ ፎቶ ታርጋው ላይ ባሉት በሁለቱም ስልኮች ውስጥ ይኑር።