ማሽኗን ግዙ፤ አብሯት የመጣውን ድንጋይ ግን ወደ ጎን በሉት

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። የጎደለችው አንዷ የተቀነሰችው በማሽኗ ጥፋት ሳይሆን አብሯት በካርቶን ታሽጎ በመጣው ኮተት ነው። የማወራው ስለ ድንጋይ ማለስለሻ ማሽን ነው፤ ባለ አንድ የጎማ በርሜል፣ 1.4 ኪሎ ገደማ የምትይዝ፣ ጠረጴዛ ጥግ ላይ የምትቀመጥ፣ ድንጋይ መልቀም የለመደ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚመኛት ዓይነት። በጠጠር ብዛት ኪሱ የተቀደደበት ሰው ካለ ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱን ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፣ ሌላው ተከትሎ ይሽከረከራል፣ በርሜሉ በሁለቱ ላይ ጋደም ብሎ ይዞራል። ውስጡ ያለው ድንጋይ፣ ውሃና መፋቂያ ዱቄት ወደ ላይ እየወጣ ተመልሶ እየተንሸራተተ እርስ በርሱ ይፋተጋል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔም የወደድኩት ይህንኑ ነው። ውስብስብ ነገር ስለሌላት የሚያረጅባት ቺንጋው ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ሁለቱንም ካቻቪቴ መያዝ የሚችል ሰው ይቀይራቸዋል። መለዋወጫ ቺንጋ አብሮ መምጣቱ ደግ ሐሳብ ነው፤ ቺንጋ የሚበጠሰው ሰው በተኛበት ሰዓት ነውና።

በርሜሉ ወፍራም ጎማ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። መጫወቻ የሚመስሉት ባለ ፕላስቲክ በርሜሎች ከጎረቤት ያጣላሉ፤ ይቺ ግን በር ከተዘጋ የምትሰማው ማጉረምረም ብቻ ናት። ቤተሰቦቼ «ይቺ ነገር ዛሬም አልጠፋችም?» ማለታቸውን ባይተዉም እንቅልፋቸውን ግን ይተኛሉ። ክዳኑ ሁለት ነው፤ ከውስጥ የጎማ፣ ከላይ የብረት፣ ከዚያ ሮንዴላና ዳዶ። ጠርዙ ላይ አንዲት የዱቄት ቅንጣት ከቀረች ያንጠባጥባል። ከመዝጋታችሁ በፊት ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ፊቷ ላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ግን ለማስታወቂያ የተደረጉ ይመስለኛል። አንዱ ቀን ቆጥሮ ማሽኗን ራሱ ያጠፋል። እናንተ ቤት በሌላችሁበት ቆማ ከዋለች ውስጡ ያለው ድፍድፍ ወደ ታች ዘቅጦ ይደርቃል፤ ከዚያ ድንጋዩን ከጎማው ለማላቀቅ የሚደረገው ትግል ሌላ ነው። ሌላው ቁልፍ ፍጥነት ይመርጣል። በትልቁ ፍጥነት ድንጋዩ መንሸራተቱን ትቶ ከላይ ወደ ታች መውደቅ ይጀምራል። ጠንካራው አጌት (የኳርትዝ ዘመድ የሆነው ባለ ቀለም መስመር ድንጋይ) ይህን ሊችለው ይችላል፤ ባልጩት ግን ጠርዙ ላይ እንደ ጥፍር ጨረቃ ያሉ ነጫጭ ምቶች ያወጣል፣ እነሱን ደግሞ የትኛውም ማወልወያ አያጠፋቸውም። ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ እርሱት።

አሁን ወደ ኮተቱ። አራት የዱቄት ከረጢቶች አሉ፦ 60/90፣ 150/220፣ 500 እና ማወልወያ። ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይልማል። ሻካራው ቅርጽ ያወጣል፣ መካከለኛው የሻካራውን ጭረት ያጠፋል፣ 500ው የመካከለኛውን፣ የመጨረሻው ያብረቀርቃል። ሻካራዎቹ ሲሊከን ካርባይድ ናቸው። ይህን ነገር ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሰው ሠራሽ አልማዝ ለማግኘት ሲሞክር ነው ያገኘው። አልማዙ ባይሳካለትም ከአልማዝ ብዙ የማይርቅ ጥንካሬ ያለው ዱቄት አገኘ፤ ዛሬ እኛ የጠጠር ሱሰኞች የምንኖረው በእሱ ነው። የማወልወያው ዱቄት ደግሞ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው።

ቅሬታዬ ሻካራው ከረጢት ላይ ነው። በውስጡ ያለው ለአንድ ዙር ብቻ ይበቃል፤ መመሪያውም «7 ቀን አዙሩና ወደ ሚቀጥለው እለፉ» ይላል። ይህ ምክር ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን አልጋ ሥር እንዲከት ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። ሲሊከን ካርባይድ ሲፋተግ እየተሰባበረ ይልማል። በሳምንቱ መጨረሻ በርሜል ውስጥ ያለው 60/90 መሆኑ ቀርቶ ጉልበት የሌለው ግራጫ ጭቃ ሆኗል፣ ድንጋዩ ግን ገና ስርጉድና ስንጥቅ አለበት። መደረግ ያለበት ጭቃውን ደፍቶ፣ አጥቦ፣ አዲስ ሻካራ ጨምሮ እንደገና ማዞር ነው። ሻካራው ደረጃ የሚያልቀው ድንጋዩ ሲያልቅለት እንጂ ሳምንቱ ሲሞላ አይደለም። ለዚህ መጠን በርሜል በየዙሩ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ስለሚፈልግ ሻካራውን ዱቄት ለብቻው በብዛት ግዙ። ማሽኗን የሚሸጡት ሰዎች በመጀመሪያው ከረጢት ፋንታ ሦስት ቢያደርጉ ኖሮ አምስተኛዋን ኮከብ አልከለክላቸውም ነበር።

አብሮ የመጣው ድንጋይማ ይባስ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው አረንጓዴ ፍሎራይት፣ ነጭ ካልሳይት፣ ቀይ ጃስፐር፣ ጥቂት አጌትና ኳርትዝ አገኘሁ። ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3፣ ፍሎራይት 4፣ ኳርትዝ 7 ናቸው፤ አጌትና ጃስፐርም ከኳርትዝ ብዙ አይርቁም። እነዚህን አንድ በርሜል ውስጥ መክተት ለስላሳዎቹን ለጠንካሮቹ ማስበላት ነው። አጌቱ ገና ጠርዙ ሳይሰበር ካልሳይቱ ጭቃ ሆኖ ያልቃል። ለምስሉ ተብሎ የተሞላ ከረጢት ነው። እኔ ጃስፐሩን፣ አጌቱንና ኳርትዙን ለየሁ፣ ከለቀምኩት ጨመርኩበት፣ የቀረውን ለልጆች ሰጠሁ።

ከድንጋዩ ጋር ትናንሽ የሴራሚክ ፍሬዎችም መጥተዋል፤ ከካርቶኑ ውስጥ ከልብ ያመሰገንኩት እነሱን ነው። በርሜሉ ሁለት ሦስተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ መሞላት አለበት። ከዚያ ካነሰ ድንጋዩ ይወድቃል፣ ከበዛ አይንቀሳቀስም። የድንጋዩ ቁጥር ካልሞላ ጉድለቱን በእነዚህ ፍሬዎች መሙላት ነው። ትልቁ ድንጋይ የማይገባበትን ጎድጓዳ ቦታ ዱቄቱን ይዘው የሚገቡትም እነሱ ናቸው። ውሃው ከላይኛው ድንጋይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም።

ሻካራው ደረጃ አበቃ ወይስ አላበቃም የሚለውን ለመፍረድ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ድንጋዩን አውጥቼ በጥርስ ብሩሽ አጥበዋለሁ፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቄ ትንሽ አቆየዋለሁ። እርጥብ ድንጋይ ያታልላል፤ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ያልተሠራውን የተሠራ ያስመስለዋል። ከደረቀ በኋላ መብራት ጎን አምጥቼ ብርሃኑ በአግድም እንዲመታው አዘነብለዋለሁ። ያን ጊዜ ለስላሳ የመሰለው ፊት ላይ ጥላ የያዙ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ በተለይ አጌት ላይ ሁለት ቀለማት በሚገናኙበት መስመር ዳር። ጥፍሬን እጎትትበታለሁ፤ ከያዘው ይመለሳል። ካልያዘው ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ከአንድ በርሜል ሁሉም እኩል አይደርስም፤ የደረሱትን ሳህን ላይ አጠራቅሜ አንድ በርሜል ሲሞሉ ነው የማሳልፋቸው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ክፍል ይጠላዋል፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ንጽሕና ነው። ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ሲታለፍ ድንጋዩ፣ ፍሬዎቹ፣ በርሜሉ፣ ክዳኑ፣ የክዳኑ ጎድጎድ ሁሉ መታጠብ አለበት። ማወልወያው ውስጥ የገቡ ጥቂት የሻካራ ቅንጣቶች የሳምንታት ሥራ ላይ ጭረት ያሰምራሉ። ስንጥቅ ያለበትን ድንጋይ ማወልወያ ውስጥ አለማስገባት የምመክረውም ለዚሁ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀ ሻካራ ዱቄት መልሶ ይወጣል። ማወልወያው ሲያልቅ ጥቂት ተራ ሳሙና ከውሃ ጋር ጨምሮ ለአጭር ጊዜ ማዞር የቀረውን ብዥታ ይጠርጋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ደርቆም እርጥብ የመሰለ ድንጋይ ተወልውሏል። የእኔዎቹ ጃስፐሮች ያንን አልፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ይታይባቸዋል፣ ስለዚህ ማወልወያው ዱቄት በጥራቱ አይታማም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን ያናድዳል። ከአጌቶቹ መሃል አንድ የሚያብረቀርቅ አሞናይት (የጠፋ የባሕር እንስሳ ጥምዝ ዛጎል) አስቀምጠዋል፤ ያየ ሰው ቅሪተ አካልም እዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ ያስባል። አይገባም። አብዛኛው ዛጎልና አሞናይት ካልሳይት ወይም የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ነው። ማሽኗ መጀመሪያ የምትበላው የእንስሳውን ቅርጽ፣ ማለትም የለቀማችሁበትን ምክንያት ነው። በርሜል የሚችለው በሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ በተሠራበት ነገር፣ የተተካ ብቻ ነው፤ ወደ አጌትነት የተለወጠ እንጨት ለምሳሌ ግሩም ሆኖ ይወጣል፣ የዛፉ ቀለበት ሳይቀር ይታያል።

ለቀሩት መሣሪያው እጅ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ የእንጨት ስንጥር፣ መርፌና አጉሊ መነጽር። ውሃ እንኳ በጥንቃቄ ነው፤ ከሸክላ አፈር ከጠጠረ ድንጋይ የወጣ ቅሪተ አካል ሲረጥብ ሊፈርስ ስለሚችል መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ይሞከር። ኮምጣጤ ይነከርበት የሚሉ ሰዎች አሉ። ኮምጣጤ የኖራ ድንጋዩን ሲያሟሟ ካልሳይት የሆነውን ዛጎል አይምርም። የሚፈረፈረውን ለማጠንከር ደግሞ ሱፐር ግሉን ተዉትና የሙዚየም ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ማጣበቂያ ፈልጉ፤ በአሴቶን ይሟሟል፣ ካልተመቻችሁም በአሴቶን መልሶ ይለቃል። ማብረቅረቅ የፈለገ በውሃ የራሰ የብርጭቆ ወረቀት ይያዝ፤ ከ220 ተነስቶ በ400፣ በ600 አድርጎ ወደ ላይ። በአሜሪካ ሚሺጋን የሚለቀመው የፔቶስኪ ድንጋይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከዳይኖሰሮች እጅግ ቀድሞ በነበረው የዴቮኒያን ዘመን የኖረ ኮራል (የባሕር እንስሳ) ነው፤ ሲደርቅ ተራ ግራጫ ጠጠር፣ ሲወለወል ግን ባለ ስድስት ጎን ቤቶቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሚሺጋን በ1965 (እ.ኤ.አ.) የግዛቷ ድንጋይ አድርጋዋለች።

መመሪያው ያልጻፋቸው ግን መጻፍ የነበረበት ነገሮች አሉ። አንዳንድ ድንጋይ በርሜል ውስጥ ጋዝ ያወጣል፤ ክዳኑ ካበጠ አቁሙና ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱት፣ በሻካራው ደረጃ በየቀኑ ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው። ጋሌና የተባለው ማዕድን እርሳስ (ሊድ) አለው፣ ሲናባር የተባለው ደግሞ ሜርኩሪ አለው፣ ሁለቱም በርሜል አይግቡ። ውሃ የሚመጥ ኦፓልም የጭቃውን ቀለም ጠጥቶ ስለሚበላሽ አይግባ። ጭቃውን በምንም ዓይነት ወደ ውሃ መውረጃ ቱቦ አትድፉት፤ ቱቦ ውስጥ ዘቅጦ ይደድራል። ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሲጠል ውሃውን አፍስሱ፣ የቀረውን በላስቲክ ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። ደርቆ እንዳይቦንም ግን ተጠንቀቁ፤ የሲሊካ ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው። እርጥብ እስካለ ድረስ አደጋ የለውም።

ማን ይግዛት? ክብ፣ ለስላሳ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገላበጥ ድንጋይ የሚወድና መጠበቅ የሚችል። ቶሎ እንዲያልቅ የፈለገ ወይም የድንጋዩ የተፈጥሮ ቅርጽ እንዳይጠፋበት የሚሳሳ ሰው በርሜሉ በመዞር ፋንታ የሚንቀጠቀጠውን ዓይነት ማሽን ይመልከት። እሱ ከሻካራው በኋላ ያሉትን ደረጃዎች በቀናት ይጨርሳል፣ ውሃው ግን ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፣ ጎርበጥባጣውንም አያከብም። ይቺን ከገዛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትጨምሩ በፊት ሁለተኛ የጎማ በርሜል ጨምሩ፤ ለብቻው ይሸጣል። አንዱን ለሻካራው፣ ሌላውን ለማወልወያው ብቻ ለዩት፣ ክዳኖቹም እንዳይቀያየሩ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉባቸው።