ሶስት ቀን በአባዱላ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ፣ በነሐሴ ዝናብ

እማ ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ «ሐይቅን ልየው» አለች። ጉልበቷ የመናኸሪያ ግፊያ አይችልም፣ ሆቴል ደግሞ «የሰው አንሶላ» ብላ አታድርም። ስለዚህ እዚሁ ኮምቦልቻ ካለ መኪና አከራይ፣ የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ስፖንጅ ፍራሽ የተነጠፈበት አባዱላ ለ3 ቀን ያዝን። ከነሾፌሩ በቀን 5500 ብር፣ ነዳጅ በእኛ። እኔ፣ እማና ታናሽ ወንድሜ ነን። የአከራዩን ስም ልተወው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ሐይቅ 30 ቢሆን ነው። ለዚህች መንገድ 3 ቀን መያዛችን ጎረቤቱን ሁሉ አስቋል። የሐረጎን ዳገት በነሐሴ የወጣ ግን አይስቅም። ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ይተኛል፤ ከፊት ካለው ሲኖትራክ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሾፌራችን ጉሙ ሲጠና ዳር ይዞ ቆመ። እማ «አንተ ልጅ፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?» ብትለው «አይ እማማ፣ መንገዱ እስኪታየን ነው» አላት። ከአገልግሎቱ ሁሉ እንከን ያላገኘሁበት እሱ ነው። ደሴ ስንደርስ የጦሳ ተራራ ጭራሽ የለም፣ ጉም ውጦታል። ፒያሳ ሻይ ጠጥተን አለፍን።

የአባዱላ ትልቁ ጥቅም አልጋው ሳይሆን የኋላ በሩ መሆኑን ያወቅኩት ሐይቁ ዳር ስንቆም ነው። ወደ ላይ ስለሚከፈት ጣራ ይሆናል። እማ ከሥሩ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ዝናቡ ክንድ በማይሞላ ርቀት እየወረደ፣ ቡናዋን ቆላች። (ከሰሉ ከውጭ ነው። በር ዘግቶ መኪና ውስጥ ከሰል ማንደድ ይገድላል፣ እባካችሁ።) አቦሉ ወርዶ ዱዓ ስታደርግ ሁለት አሳ አጥማጅ ልጆች «አሚን» እያሉ ተጠለሉ፤ ሲኒ ጨመርን።

ያው በር ማታ ሲዘጋ ግን ሌላ ጉድ ነው። ዙሪያውን የያዘው ጎማ ተሰነጣጥቋል። ውሃው በቀኝ በኩል ጠብ ጠብ ይላል፣ ልክ የእማ እግር በሚያርፍበት። ድስት ደቀንን። ድስቱ ባዶ ሲሆን «ጠን» ይላል፣ ሲሞላ «ጡብ»፤ «ጡብ» ስሰማ ተነስቼ እደፋለሁ። አራት ጊዜ ደፋሁ። ወንድሜና ሾፌሩ የፊት ወንበር ላይ ተጣጥፈው ያንኮራፋሉ። ፍራሹም ከእኛ በፊት ያስተኛው ሰው ይሁን ፍየል እንጃ።

በማግስቱ ሾፌሩ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም ሄደ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የነበሩበት ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። እኛ ከመኪናው ሆነን የገዳሙን ዛፎች በዝናብ መሃል አየን። ምሳ ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ አሳ፣ በሎሚና በዳጣ፤ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ፍልሰታ ስለሆነ ሾፌሩ አሳውን አልነካም፣ ሽሮ አዘዘ። ከሰዓት ወደ አርዲቦ ሐይቅ ልንወጣ ነበር። የአርዲቦ ውሃ በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፣ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም፤ እማ ይህን የነገራት ሰው አለ መሰለኝ፣ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ይገባል?» እያለች ስትጨነቅ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ጭቃውን በእግሩ ሞከረና «ይቅርብን» አለ። ቀረብን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባትሪ የለም። የውስጥ መብራት አብርቼ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ ግን ደህና ባትሪ በአንዲት አምፖል እንዲህ አይሞትም። እነዚያው ልጆች ገፍተው አስነሱልን።

ስንመልስ አከራዩ ካስያዝነው 3000 ብር ላይ 600 ለላቫጆ ቆረጠ። ውል ላይ የለም፣ አፉንም አልከፈተም ነበር። የበሩን ነገር ስነግረው «ክረምት ነው እህቴ፣ ምን ይደረግ» አለኝ። መያዣ ስትሰጡ ምን ምን እንደሚቆረጥ አስጽፉ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም በሩን ዘግታችሁ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት።

ያንን ሾፌር ከሰጡኝ እንደገና እሄዳለሁ፣ ፍራሹን ከቤት ይዤ። እማ ድስቷን ሁለቴ አጠበችው፤ አሁንም መኪና መኪና ይሸታል ትላለች።